የቆላ እንግዳ በሰቆጣ ከፍታ፦ አዲስ የመጣ ኤሊ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት

የዱር እንስሳት ሕገወጥ ዝውውር በአገራችን ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የአቦሸማኔ ግልገል ወይም የአንበሳ ደቦል ነው። ኤሊ የዝርዝሩ ግርጌ ላይ ነው። አይጮኽም፣ አይናከስም፣ ብዙም አይበላም። በመሆኑም ከያዘው ሰው ሲወረስ ወይም ከመንገድ ዳር ሲነሣ አንድ ግቢ ጥግ ይቀመጥና ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ይሁንና ኤሊ በዝግታ የሚታመም እንስሳ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተፈጸመበት ስሕተት ውጤት የሚታየው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ በመሆኑ፣ ሲሞት የሞቱን መነሻ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመረምር አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። እንደ ሰቆጣና እንደ ዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ባለ ከፍተኛ ቦታ የቆላ ኤሊን ማቆየት ጊዜያዊ ተግባር ብቻ ሊሆን ይገባል። ይህም ጊዜያዊ ቆይታ በጽሑፍ በሰፈረ የ90 ቀን የአያያዝ ሥርዓት ካልተመራ፣ ጉዳቱ ከኤሊው አልፎ የአካባቢው ኑሮ ወደተመሠረተበት ፍየል ሊዘልቅ ይችላል። ሥርዓቱን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ዕውቀት በአብዛኛው አለ፤ የጎደለው በአካባቢው ቁሳቁስና አየር ንብረት ልክ አስተካክሎ የሚጽፈው ሰው ነው።

የትኛው ኤሊ?

ስለ ኤሊ አያያዝ የተጻፈው አብዛኛው መረጃ የሚያተኩረው በሕንድ፣ በፓኪስታንና በስሪ ላንካ በሚገኘው ባለኮከብ ኤሊ (ጂኦኬሎኔ ኤሌጋንስ) እና በጥቂት የአውሮፓ ዝርያዎች ላይ ነው። ባለኮከቡ በቅርፊቱ ላይ ባሉት የብርሃን ጨረር መሰል መስመሮች ምክንያት በዓለም ገበያ እጅግ ተፈላጊ ሆኗል። በዚህም ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ወደሆነው አንደኛ አባሪ አዛውሮታል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

በእኛ አገር የባለኮከቡ የቅርብ ዘመድ ነብርማው ኤሊ (ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ) ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ በአንድ ወገን ሥር ይመደቡ ስለነበር በመልክም በአያያዝም ብዙ ይመሳሰላሉ። ነብርማው ኤሊ በስምጥ ሸለቆ፣ በአዋሽ፣ በኦሞና በቦረና ቆላዎች የሚኖር ሲሆን በእጅ ከተያዙት ኤሊዎች መካከልም በብዛት የሚታየው እርሱ ነው። ሌላው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው የሳህል ቀበቶ የሚገኘው ትልቁ ሱልካታ ኤሊ ነው። ባለኮከቡም ሆነ እነዚህ ሁለቱ የክረምት እንቅልፍ አይተኙም። ይህ ነጥብ ወሳኝ ነው፤ የአውሮፓ ኤሊዎችን በተመለከተ የተጻፈውን «ሲቀዘቅዝ ይተኛል» የሚለውን ምክር ለእነርሱ መጠቀም እንስሳውን ለሞት መዳረግ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ዝርያውን መለየት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መመዘንና የተገኘበትን ቦታ መመዝገብ ነው። የተገኘበት ቦታ ካልተመዘገበ በኋላ ወደየት እንደሚመለስ የሚወስን ማስረጃ አይኖርም።

ጥያቄው የሌሊቱ ነው

ሰቆጣ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ እንደሚቀንስ ካሰብን፣ ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ሰቆጣ የገባ ኤሊ ባንድ ጊዜ 8 ዲግሪ ገደማ በሚቀዘቅዝ ዓለም ውስጥ ይገኛል። ፍየል ይህን ልዩነት ተጨማሪ ምግብ በልታና ከመንጋዋ ተጠግታ ትቋቋመዋለች። ኤሊ ግን የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ በመሆኑ፣ ሲበርደው የበላው ሳር በአንጀቱ ውስጥ ይቆማል፣ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል።

የሰቆጣ ቀን ለኤሊ መልካም ነው። ፀሐዩ ብርቱ ነው። ካልሲየም ወደ አጥንትና ወደ ቅርፊት እንዲገባ የሚያስፈልገው የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረርም ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ጨረሩ መስታወት ስለማያልፍ በመስኮት የገባ ፀሐይ አይጠቅምም። ሆኖም ግቢው ጥላ ከሌለው ከሰዓት በኋላ ኤሊው ከመጠን በላይ ይግላል። ፀሐይና ጥላ ጎን ለጎን ሲኖሩ እንስሳው ራሱ እየመረጠ ሙቀቱን ያስተካክላል።

ችግሩ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት፣ ከዚያም ብሶ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ብርድና ደረቅ አየር ከተገናኙ ኤሊ ይታገሣል፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ግን አፍንጫው መዝረክረክ ይጀምራል፣ ቀጥሎ የሳንባ ምች ይከተላል። በዋግ ዝናቡ በክረምቱ ጥቂት ሳምንታት ተጠቃሎ የሚወርድ በመሆኑ አደገኛው ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለእርሱም መዘጋጀት ይቻላል።

በውጭ አገር መመሪያዎች የዚህ መፍትሔ የማሞቂያ አምፖል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን እንስሳን በአምፖል ላይ ማሳደር ዕቅድ አይባልም። ይልቅ አካባቢው የሚያውቀውን የድንጋይና የጭቃ ግንብ መጠቀም ይሻላል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አምቆ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይለቃል። በዚህ ግድግዳ ውስጥ ከወለል ከፍ ያለ፣ በጭድ የተሞላ፣ ለኤሊው ልክ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ይቀመጥ። በጣም በሚበርድ ሌሊት በጆንያ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ የያዘ ጀሪካን ከሳጥኑ ጎን ማኖር ይቻላል። የአዋቂ ኤሊ ማደሪያ ከ15 ዲግሪ እንዳይወርድ፣ የግልገል ደግሞ ከዚያ ከፍ እንዲል ያስፈልጋል። ይህ መደረሱን የሚያረጋግጠው ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው።

አጥሩም ከአካባቢው ይገኛል። ኤሊ በሽቦ አጥር ውስጥ ወዲያ ማዶ ስለሚታየው ቀኑን ሙሉ አጥሩን እየተከተለ ሲገፋ ይውላል፤ ይደክማል፣ ይቆስላል። የእርከን ካብ ግን አያሳይም። ካቡ በውስጥ በኩል መወጣጫ የሌለው ከሆነና ውሻ የማያስገባ ከሆነ የተሻለ አጥር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከምግብ በፊት ውኃ

በባህላችን ከሩቅ የመጣ እንግዳ አስቀድሞ እግሩን ይታጠባል፤ ማዕድ የሚቀርብለት ከዚያ በኋላ ነው። ለኤሊም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። በጆንያ ወይም በካርቶን ታሽጎ የተጓዘ ኤሊ ውኃ የራቀው ነው፤ በዚህ ሁኔታ ምግብ ማጉረፍ የደከመውን አንጀት መጫን ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለብ ባለ፣ ከአገጩ በማያልፍ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ኤሊው ይጠጣል፣ ያጠራቀመውን ቆሻሻም ያስወግዳል። ይህ የሚደረገው ረፋድ ላይ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ወደ ብርድ ሌሊት እንዳይገባ።

ከዚያ በኋላ ምግቡ ሻካራና ቃጫማ መሆን አለበት። ሰርዶ ከሁሉም ይቀድማል። ማገጥ በጥቂቱ ይጨመርለታል። እሾሁ የተለበለበ የበለስ ቅጠልም ውኃና ካልሲየም ያለው መልካም ምግብ ነው። እዚህ ላይ ግን የስም መደራረብ ሊገድል ይችላል። በብዙ ቦታ በለስም ቁልቋል ይባላል፤ ነጭ ወተት የሚያወጣው የዛፍ ቁልቋል ግን መርዛማ ነው። ስለዚህ መመሪያው በስም ብቻ ሳይወሰን ተክሉን በሥዕል ማሳየት ይኖርበታል።

የማይሰጠውም በግልጽ ይጻፍ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የበሰለ እህልና ሙዝ በአንጀቱ ውስጥ ይቦካሉ። ቆስጣ ካልሲየምን አስሮ ያስቀራል። ሥጋና የውሻ ምግብ የቅርፊቱን ዕድገት ያዛባሉ። ለካልሲየም የደረቀ አጥንትና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይቀመጥለት። ነብርማ ኤሊ በዱር ሳለ የደረቀ አጥንት ሲግጥ፣ አጥንት የበዛበትን የጅብ ኩስም ሲበላ የታየ ነው፤ ፍላጎቱን ራሱ ያውቃል።

አዲስ የመጣ ኤሊ ለቀናት አለመብላቱ ብቻውን አያስደነግጥም። በየቀኑ እያነሡ መመርመር፣ ለሕፃናት ማሳየትና ከግቢ ግቢ ማዛወር ግን መላመዱን ያዘገያል። አስተማማኙ መለኪያ ሚዛን ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከውኃው በፊት ይመዘን። ከመነሻ ክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን ከቀነሰ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

የፍየል ዕውቀት የማይሠራበት

በዋግ ኽምራ የእንስሳት ሐኪም በዋናነት የፍየል፣ የበግና የከብት ሐኪም ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ለብዙ ቤተሰብ ወተት፣ ገንዘብና የድርቅ ዘመን መጠባበቂያ ነውና። ሆኖም በፍየል ላይ የተፈተነ ልማድ በኤሊ ላይ ሲሠራበት ቢያንስ በአንድ ቦታ ገዳይ ይሆናል።

መዥገር የወረረው ኤሊ ክሊኒክ ሲደርስ ከመደርደሪያ ቀድሞ የሚወርደው መድኃኒት አይቨርሜክቲን ሊሆን ይችላል። ለፍየል ዕከክና ለውስጥ ጥገኛ የሚሰጥ፣ ርካሽና የታመነ መርፌ ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። ጡንቻዎቹን አዝሎ ሽባ ያደርገዋል፤ ይገድለዋልም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ይህን ያሳየ ሲሆን፣ ከተመረመሩት መካከል ነብርማው ኤሊ በተለይ የተጎዳ ዝርያ ነበር። በእኔ እምነት የ90 ቀኑ መመሪያ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢኖረው ኖሮ «ለኤሊ አይቨርሜክቲን አይሰጥም» የሚል በሆነ ነበር። የውስጥ ጥገኛ ትል ሕክምና ካስፈለገ በዓይነ ምድር ምርመራ ተደግፎ እንደ ፌንቤንዳዞል ያለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። በዓይነ ምድሩ ጥቂት ትል መታየቱ ግን ሁልጊዜ በሽታ አይደለም።

መዥገሩ ግን መነቀል አለበት፤ ምክንያቱም ፍየሏ ነች። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ነብርማና ሱልካታ ኤሊዎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ አግዷል። መነሻው ፍሎሪዳ ውስጥ ከአፍሪካ በመጡ ኤሊዎች ላይ የተገኙ የአምብሊዮማ ወገን መዥገሮች ሃርትዎተር የተባለውን በሽታ ተሸክመው መገኘታቸው ነው። ሃርትዎተር በልብ ዙሪያ ፈሳሽ የሚያስቋጥር፣ ፍየልን፣ በግንና ከብትን የሚገድል በሽታ ነው። በአገራችን ከቆላ ወደ ከፍታ የሚመጣ ኤሊም በእግሩ እጥፋት፣ በአንገቱ ሥርና በጅራቱ ዙሪያ መዥገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። መዥገሩ ደግሞ ጠግቦ ሲወድቅ የሚወድቀው ፍየል በምታድርበት ግቢ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ግቢው ሳይገባ በፊት፣ እያንዳንዱ መዥገር በወረንጦ ተነቅሎ በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ይጨመር። ብልቃጡ አይጣል፤ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ለላቦራቶሪ ይቀመጥ። ምርመራው በየሳምንቱ ይደገም። ለ90 ቀናት የኤሊው ቦታ ከፍየሎች በረት፣ ከግጦሻቸውና ከሌሎች ኤሊዎች የተለየ ይሁን። የኤሊ ሰውነት ዝግተኛ በመሆኑ የተደበቀ የመተንፈሻ አካል በሽታ ብቅ የሚለው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው፤ 15 ቀን ለይቶ ማቆየት ለዚህ አይበቃም። የሚንከባከበው ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጤነኛ የሚመስል ኤሊ ሳልሞኔላን ሊያራግፍ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የትናንሽ ኤሊዎችን ሽያጭ የከለከለችው ሕፃናት በዚህ ምክንያት ይታመሙ ስለነበር ነው። በሰቆጣ ስም የተሰየመው አገራዊ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባ መሆኑን ስናስታውስ፣ ኤሊ ከማእድ ቤትና ከመጠጥ ውኃ መራቅ እንዳለበት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ብርቱ ነው፤ ድርቅ በሚደጋገምበትና ሰው በሚቸገርበት አካባቢ ስለ ኤሊ ምቾት መጻፍ ቅንጦት አይደለምን? ወጪውን ከዘረዘርነው መልሱ ግልጽ ይሆናል። ካብ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ጭድ፣ ጀሪካን፣ ቴርሞሜትር፣ ወረንጦና ሚዛን ነው። ከእነዚህ የሚበዙት በአካባቢው አሉ። በምላሹ የሚጠበቀው ከኤሊው ይልቅ በአጠገቡ ያለው መንጋ ነው። እንክብካቤ የሌለበት ቆይታ ነው ውድ የሚሆነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለምን ወዲያው ወደ ተከዜ ሸለቆ አይለቀቅም?» የሚል ነው። ቆላው ቅርብ ነው፣ ሙቀቱም ይስማማዋል። ነገር ግን ሙቀት ብቻውን አገር አይሆንም። ከቦረና የመጣን እንስሳ በተከዜ መልቀቅ በሽታውንና መዥገሩን ለአካባቢው እንስሳት ማድረስ፣ የሕዝቦቹንም የዘር ልዩነት ማደባለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሲንጋፖር ወደ ሕንድ የተመለሱት 51 ባለኮከብ ኤሊዎች እንኳ የትውልድ አገራቸው ገብተው ወዲያው በዱር አልተለቀቁም፤ አስቀድሞ ለይቶ ማቆያና መለማመጃ ጠበቃቸው። ለገዛ አገሩ ኤሊ ይህ ካስፈለገ፣ መነሻው ላልተመዘገበ ኤሊ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሕጉም በዚሁ አቅጣጫ ይመራል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን የሚያስቀጣ አድርጎታል። ስለሆነም ኤሊ ያገኘ ሰው፣ ተቋም ወይም ተመራማሪ በመጀመሪያው ቀን ለሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ አካል ማሳወቅ አለበት። በሆለታ አቅራቢያ በቦርን ፍሪ የሚተዳደረው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል የተወረሱ እንስሳትን የሚቀበል ቢሆንም፣ ሆለታም 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቆላው ኤሊ ብርዳማ ሌሊት እዚያም ይጠብቀዋል። ለኤሊ የመጨረሻው መኖሪያ ዝቅ ባለና በሞቀ ስፍራ መሆን ይገባዋል የምለው ለዚህ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችልን እንስሳ በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ መተውም አይቻልም።

ለተመራቂዎች የሚቀር ሥራ

ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ በአማርኛና በኽምጥኛ፣ ከበለስና ከዛፍ ቁልቋል ሥዕል ጋር፣ በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ግድግዳ ላይ። ገጹን ለመጻፍ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም። እንዲታመን ግን በአካባቢው መለኪያ መደገፍ ይኖርበታል።

ሦስት የመመረቂያ ጥናቶች ለዚህ ይበቃሉ። አንደኛው፦ በሰቆጣ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ያለ የጭድ ሳጥን ከሰኔ እስከ ጥር በየሌሊቱ ስንት ዲግሪ ይይዛል? ይህን ለመመለስ ኤሊ እንኳ አያስፈልግም፤ ጥቂት ቴርሞሜትሮችና ስምንት ወር ይበቃሉ። ሁለተኛው፦ ከተያዙ ኤሊዎች የተነቀሉ መዥገሮች የትኛው ዝርያ ናቸው፣ የሃርትዎተር ተሕዋስስ ይገኝባቸዋልን? በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርትና የአበርገሌን ፍየል ሲያጠና የቆየው የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ቢተባበሩ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ጥንድ ናቸው። ሦስተኛው፦ የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ስለ ኤሊ ሕክምና፣ በተለይም ስለ አይቨርሜክቲን፣ ምን ያውቃሉ?

ሦስቱም ትንንሽ ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊመለሱ የሚችሉም ናቸው። መልሳቸው እስኪገኝ ድረስ ግን የሚከተሉት ሊጠበቁ አይገባም፦ መመዝገብ፣ መዥገሩን መንቀል፣ ውኃውን ከምግብ ማስቀደም፣ ሌሊቱን ማሞቅ፣ ከፍየሉ መለየት፣ ያንን መርፌም መተው።